እናትሽ ሻይ እያፈላች ነው

የዓይን ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ የልጅ ልጄ ቢሆን አያስደንቅም። አገጬን ብረቱ ላይ አስደግፎ በዚያ ነጭ መብራት ዓይኔን ሲበረብር ቆየና፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አንሸራትቶ «እናትዎ ዓይናቸውን ታመው ያውቃሉ?» አለኝ። ማንም ሰው አዎ ወይም አይ ብሎ የሚያልፈው ጥያቄ ነው። እኔ ግን «አንዷ አዎ፣ አንዷ አይ» አልኩት። መጻፉን ትቶ ቀና አለ። «የጠየቅኩዎት ስለ እናትዎ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ፣ ጆሮው የደከመ ሰው እንደሚያናግር። «እኔስ የመለስኩልህ ስለ ማን መሰለህ?» አልኩት። ተናድጃለሁ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን ለራሴም አልገባኝም። ልጁ ግን ታጋሽ ነው፣ አስረዳኝ። የዓይኔ ግፊት ድንበሩ ላይ ደርሷል። ይህ ግላኮማ የሚሉት በሽታ ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል። እናቴ በእሱ ታውራ ከሆነ ጠብታውን ዛሬውኑ ጀምሬ ዕድሜ ልኬን መውሰድ አለብኝ። ካልሆነ ግን መጠበቁ ይሻላል፣ ምክንያቱም ጠብታው አስሜን ሊቀሰቅስብኝ ይችላል። «ቤተሰብ ጠይቀው ይምጡ» ብሎ ሸኘኝ። በሰባ ዓመቴ እናቴ ማን እንደሆነች ጠይቄ እንድመጣ ታዘዝኩ ማለት ነው።

ከክሊኒኩ ስወጣ የናዝሬት ፀሐይ አናት ይበሳል። ልጆቼ «አዳማ በይ እንጂ» እያሉ ያርሙኛል፤ አንዳንዴ እሺ እላለሁ፣ አንዳንዴ እረሳለሁ። አንድ ባለሱቅ አቧራውን ለማስተኛት ደጃፉ ላይ ውኃ ይረጫል። ባጃጅ ልጠራ እጄን እንዳነሳሁ ያ ሽታ መጣና እጄ እዚያው ቀረ። የረጠበ አፈር ሽታ ለሌላው ሰው ዝናብ ነው፤ ለእኔ ቤታችን ነው። ባጃጆቹ ጥሩንባቸውን እየነፉ አለፉኝ። እኔ በዚያ ሽታ ውስጥ ስንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሄድኩ እንጃ፣ ባለሱቁ «እማማ፣ ደከመዎት እንዴ? ወንበር ላምጣ?» ሲለኝ ነው የነቃሁት።

ቤታችን ከአዋሽ ድልድይ ወዲያ፣ ደራ ሳይደረስ፣ የአሰላ መንገድ ጠርዝ ላይ ነበር። ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው፤ በስተቀኝ ሻይ ቤቱ፣ በስተግራ ሸክላ ቤቱ፣ መሀላቸው አንድ በር። ወይስ ሻይ ቤቱ ነበር በስተግራ? መንገዱ ሲሰፋ የድሮው ቤት ፈርሶ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለተሠራ፣ አሁን ሳስበው ግራና ቀኙ ይምታታብኛል። የማይምታታብኝ ዋጋው ነው። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ከብስኩት ጋር በስሙኒ። ብርጭቆዎቹ ትንንሽ ሆነው ቂጣቸው ወፍራም ነው፤ ስኳሩ ከታች ተኝቶ ይታያል፣ አንዳንዱ ደንበኛ እንዲማሰልበት አይፈልግም። የወንጂ አገዳ ቆራጮች ደሞዝ በተቀበሉ ሰሞን ወደ ደራ ገበያ ሲሻገሩ እኛ ጋ ይወርዳሉ። ቴትሮን ሸሚዝ ለብሰው፣ ኮሌታቸውን አቁመው፣ ከታች የሚሰፋውን ሱሪያቸውን አቧራ እንዳይነካው በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው መንገዱን ሲያቋርጡ አሁንም ይታዩኛል። ሬዲዮኑ መደርደሪያ ላይ ነው፣ ዳንቴል ለብሶ። በጊዜው አንድ ዘፈን ነበር፣ ክላርኔቱ ብቻውን የሚጀምር፤ እሱ ሲመጣ የመንገዱ አውቶቡስ፣ ሎንቺናው እንኳ ተሳፋሪውን አስቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ቃሉ ጠፍቶብኛል። ዜማውን ግን ዛሬም ዕቃ ሳጥብ አንጎራጉረዋለሁ፣ ልጆቼም «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይሉኛል።

ቤቱን የያዙት ሁለት እህትማማቾች ናቸው፤ ዘነቡ ታላቋ፣ አስካለ ታናሿ። ሁለቱንም «እማዬ» እላቸው ነበር። ከየት እንደመጡ በትክክል አልተናገሩም፤ «ከወዲያ» ይላሉ፣ በአገጫቸው ወደ ሰሜን እያሳዩ። እዚያ መንገድ ዳር ሲሰፍሩ እኔ ጀርባ ላይ ነበርኩ። በማን ጀርባ? የሰፈሩ ሰዎች እንደሚሉት በሁለቱም፤ አንዷ ሲደክማት ለሌላዋ እያቀበለች ነው የመጡት። ወንድ አብሯቸው አልነበረም። ስለ አባቴ ስጠይቅ ዘነቡ «ሹፌር ነበር» ትለኛለች፣ አስካለ «ወታደር ነበር» ትለኛለች። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ሲጠየቁ ደግሞ «ሻዩ ገነፈለ» ብለው ይነሳሉ። ሻዩ እኛ ቤት ስለ አባቴ እንደጠየቅኩባቸው ቀናት ገንፍሎ አያውቅም።

አሁን የሥራቸውን ሁኔታ ካልነገርኩ ነገሩ አይገባም። በዚያ ዘመን የሸክላ ሠሪ እጅ ያፈላውን ሻይ መጠጣት ቀላል ነገር አልነበረም። ጋኑን ይገዛሉ፣ ማሰሮውን ይገዛሉ፤ ሻዩ ሲቀርብላቸው ግን ወደ ጣቶቿ ያያሉ፣ ጥፍሯ ሥር ጭቃ አለ የለም ብለው። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ደንብ አወጡ፤ በዕለቱ ጭቃ የነካች ሻይ አትነካም። ዛሬ አንዷ ጭቃ ላይ ከዋለች ነገ ሻይ ላይ ትውላለች። ሸክላውም በዚሁ ደንብ ነበር የሚሠራው። አስካለ በእሷ ቀን የላዩን ትሠራለች፤ ትከሻውን፣ አንገቱን፣ አፉን አሳምራ፣ ከታች ባዶውን ክፍት ትተወዋለች። ያድርና ትንሽ ይጠነክራል። በማግስቱ ዘነቡ አፉን ወደ ታች ደፍታ ጭኗ ላይ ታስቀምጠውና ቂጡን ትዘጋዋለች። አስካለ ቂጥ መዝጋት አትችልም፣ ይሰነጠቅባታል። ዘነቡ ደግሞ የሠራችው አፍ ሁሉ ይጣመምባታል። ገዢ መጥቶ «ይህን ያማረ እንስራ ማን ሠራው?» ካለ ዘነቡ «እሷ ናት» ብላ ወደ አስካለ ትጠቁማለች፣ አስካለም «እሷ ናት» ብላ ወደ ዘነቡ ትጠቁማለች። በሳምንቱ ያው ገዢ የሚያፈስ እንስራ ተሸክሞ እየጮኸ ቢመለስም መልሱ ያው ነው። እሷ ናት። ሰውዬው በማን ላይ እንደሚጮህ ግራ ገብቶት ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል።

እኔም የእንስራው ዕጣ ነበር የደረሰኝ። ጭቃ ላይ ያለችው ዘንድ ሄጄ «እራበኝ» ስል «እናትሽ ሻይ እያፈላች ነው፣ እሷን ጠይቂ» ትለኛለች። በመሀሉ በር አልፌ ስሄድ ሻይ ላይ ያለችው «እናትሽ ጭቃ ላይ ናት፣ እሷ ታውቃለች» ትለኛለች። በማግስቱ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ እናቴም አብራ ትለዋወጣለች። ልጅ ሆኜ አልደነቀኝም፤ የሰው ሁሉ እናት በሌላኛው ክፍል ያለችው ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ የእናት ስም ስጠየቅ ነው መጀመሪያ የተደናገጥኩት። «ዘነቡ» አልኩ፤ ቤት መጥቼ ስናገር ዘነቡ ደነገጠችና «አስካለ በይ እንጂ» አለችኝ። አስካለም ከወዲያኛው ክፍል ሰምታ «ምነው፣ ዘነቡ ብትል ምን አለበት?» አለች።

ስንት ጊዜ አሰብኩት መሰላችሁ። አንዳንዴ እላለሁ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ተብዬ እንዳልሰደብ ነው፣ ስለዚህ የሻይዋን ሴት እናቴ አሏት። ታዲያ የሻይዋ ሴት ለምን ወደ ጭቃዋ ትጠቁማለች? አይሆንም። አንዳንዴ ደግሞ አንዷ ያለ ባል ወልዳ ሌላዋ ኀፍረቷን ልትጋራ ፈልጋ ነው እላለሁ። ቢሆንማ፣ እኔ አድጌ ወልጄ፣ ዘመኑም ተለውጦ፣ ያ ኀፍረት የማንም ጉዳይ መሆኑ ከቀረ በኋላ ለምን አልነገሩኝም? መልኬንም ተመልክቼዋለሁ፤ ግንባሬ የዘነቡ ነው፣ አገጬ የአስካለ። ግን የአስካለ ግንባር የዘነቡ ነው፣ የዘነቡም አገጭ የአስካለ ነው፤ እህትማማቾች ናቸው እኮ። እዚህ ስደርስ ራሴን ያዞረኛል፣ እተወዋለሁ።

በሠርጌ ዕለት ይለይ ይሆናል ብዬ ነበር። ሽማግሌዎቹ «የልጅቷ እናት ትምጣና ትመርቅ» ሲሉ፣ እኔ ቬሎዬን ለብሼ፣ በጓደኛዬ ጠባብ ነጭ ጫማ እግሬ እየተቃጠለ፣ ዓይኔን በሩ ላይ ተከልኩ። የምትገባዋ እናቴ ናት። ማንም አልገባም። ሰው ልከው ሲያፈላልጓቸው ሁለቱም ጓዳ ውስጥ ለሎንቺናው ሹፌር ሻይ እያፈሉ ተገኙ። በግድ ተጎትተው መጡና እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ አንዷ ስትጀምር አንዷ እየጨረሰች መረቁኝ። እንግዳው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ጫማዬን አውልቄ ያለቀስኩት ናዝሬት ከገባን በኋላ ነው።

ዘነቡ በስተርጅና ዓይኗ ጠፋ። ቀስ በቀስ ነው የሄደው፣ ከዳር ወደ መሀል፤ ማንም ስም አልሰጠውም፣ «እርጅና ነው» ተባለ። ታውራም ቢሆን ቂጥ መዝጋቷን አልተወችም። ጣቷ ያውቀዋል፤ እንዲያውም ከታወረች ወዲህ የዘጋችው አንድም አላፈሰሰም ይባላል። ስትሞት አስካለ እንዴት እንዳለቀሰች መንገር ይከብደኛል። ደረቷን እየመታች «የልጄ እናት! የልጄ እናት ጥላኝ ሄደች!» ትል ነበር። ለቀስተኛው ሐዘን አናቷን ነክቷት ነው ብሎ አለፈው። እኔ ግን እዚያው ድንኳን ውስጥ ቆሜ ቃላቱን ስገለባብጥ ዋልኩ። የልጄ እናት። የማን ልጅ? የማን እናት? ሐዘኔን እንኳ በቅጡ አላዘንኩም።

አሁን ቦታውን የያዙት ልጄ ሰላምና ባሏ ገመቹ ናቸው። ሰላም ሸክላውን ከሁለቱም ተምራለች፤ ብቻዋን አፉንም ቂጡንም ትሠራለች። ቅዳሜና እሑድ ከአዳማና ከአዲስ አበባ መኪና እየነዱ ይመጣሉ፣ ጭቃ እየነኩ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ በዚያው እጃቸው ሻይ ይጠጣሉ። በሸክላ ኩባያ! የአንዱን ኩባያ ሻይ ዋጋ ሰላም ስትነግረኝ በዚያ ዘመን በዚህ ብር ስንት ጋን ይገዛ እንደነበር ላሰላ ሞከርኩና ደከመኝ። አስካለ እነሱ ዘንድ ናት። ዓይኗ እንደ ልጃገረድ ነው፣ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች። የከዳት ሐሳቧ ነው፤ ሰው ታምታታለች፣ ጊዜ ታምታታለች። በባጃጅ እስከ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ደራ ስጓዝ የማወጣ የማወርደው ይህንኑ ነበር። የዘነቡ ልጅ ከሆንኩ ዓይኔ ይሄዳል። የአስካለ ልጅ ከሆንኩ ዓይኔ ይቀርና ያየሁትን እረሳለሁ። ምርጫ ቢሰጠኝ የትኛውን እንደምመርጥ አላወቅኩም፤ ግን ማንም ምርጫ አልሰጠኝም።

ገመቹ መንገድ ዳር ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ። «አካም ጅርቱ፣ እማማ! ደህና ገቡ?» ብሎ ቦርሳዬን ወሰደ። ሐኪሙ ያለኝን ስነግረው ራሱን አከከ። «እሳቸውን ይጠይቋቸው፤ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይሻላሉ» አለኝ፤ ግን ጠዋቱ አልፎ ነበር። አስካለ ሸክላ ቤቱ ደጃፍ ጥላው ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ቁጭ አልኩና፣ ሰላምታችን ካለቀ በኋላ፣ ሰባ ዓመት ያልወጣልኝን ቃል አወጣሁት።

«እማዬ፣ እናቴ ማናት?»

ገርሟት አየችኝ፤ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኳት። «እናትሽ? ሻይ እያፈላች ነው። ቁጭ በይ፣ አሁን ትመጣለች።»

ወደ ሻይ ቤቱ ዞር ብዬ አየሁ። ምን እንዳገኝ እንደፈለግኩ እንጃ። ሰላም ነበረች፣ ኩባያ እያጠበች።

ከዚያ ነው ወደ ሸክላ ቤቱ የገባሁትና መደርደሪያውን ያየሁት። ከዳር እስከ ዳር ማሰሮ ነው፤ ትንሽ ትልቅ፣ አፉ ያማረ፣ አንገቱ የቀጠነ። አንዱን አነሳሁት። ቂጥ የለውም። ሁለተኛውንም አነሳሁ፣ የለውም። አንዱም የለውም። ሰላም እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከኋላዬ መጣች። «እሷ ናት እማ» አለችኝ። «በየሁለት ቀኑ የላዩን ትሠራለች፣ ለዘነቡ ብላ ታስቀምጠዋለች። እኔ ልዝጋልሽ ስላት "አንቺ ተዪው፣ የእሷ ቀን ነገ ነው" ትለኛለች። የደረቀውን በድብቅ አንስቼ ውኃ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ ጭቃውን መልሼ ለእሷ እሰጣታለሁ። ምን ላድርግ?»

ትናንት የተሠራ አንድ ማሰሮ ነበር፣ ገና እርጥብ ያለ፣ ጣት የሚቀበል። ጫማዬን አወለቅኩ፣ ወጥቼ አስካለ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ አፉን ወደ ታች ደፍቼ ጭኔ ላይ አደረግኩት። ከልጅነቴ ወዲህ ጭቃ ነክቼ አላውቅም። ዓይኔ በዚያ ብርሃን ጠርዙን በደንብ አይለየውም፤ ስለዚህ ጨፈንኩትና በጣቴ ፈለግኩ። ዘነቡ እንዳደረገችው ጠርዙን በአውራ ጣቴ ወደ መሀል እየሳብኩ፣ ውኃ እያስነካሁ፣ እያዞርኩ። ጣቴ እንዴት እንዳወቀው አትጠይቁኝ። ከደም ይሁን፣ ስንት ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ ከማየቴ ይሁን፣ ይህም አልገባኝም።

«ዘነቡ» አለች አስካለ።

ዓይኔን ገለጥኩ። እኔን ነው የምታየው። ፊቷ በርቷል። «ዘነቡዬ፣ ዛሬ ቀንሽ ነው እንዴ? ስጠብቅሽ፣ ስጠብቅሽ...» አለችና ጉልበቴን በእጇ ዳበሰችው። አይደለሁም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ሐኪሙ ትዝ አለኝ፣ ጠብታው ትዝ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ዓይኔን ብዬ አይደለም። ያቺ ሸክላ ቤትና ሻይ ቤት መሀል ባለው በር የምትመላለስ ልጅ ናት የገፋፋችኝ። በዘነቡ ወፍራም ድምፅ፣ ቀስ ብዬ፣ «አስኩ» አልኳት፣ ዘነቡ እንደምትጠራት። «ለመሆኑ ልጅቷን ማናችን ነን የወለድናት?»

የአስካለ ፊት በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ጎንበስ ብላ ክንዴን ጨብጣ ያዘችኝ፤ ጣቶቿ ያን ያህል ጉልበት እንዳላቸው አላውቅም ነበር። ወደ በሩ አየች፣ ወደ ሻይ ቤቱ አየች፣ ከዚያ አፏን ጆሮዬ ላይ አስጠጋች።

«ምን ነካሽ ዛሬ! ዝም በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች። የአንዳችን መሆኗን ካወቀች ሌላዋን ልትተዋት ነው እኮ!»

ክንዴን አልለቀቀችም። ሰባ ዓመት ሙሉ የፈራችው ነገር አሁን በሩ ላይ የቆመ ይመስል ዓይኗን ከዚያ አልነቀለችም። እኔም አብሬያት በሩን አየሁ። ለሐኪሙ ዘነቡም እናቴ ናት፣ ጠብታውን ስጠኝ እለዋለሁ፤ አስሙን እንደምንም እንችለዋለን።

«አልሰማችም አስኩዬ» አልኳት። «ውጭ እየተጫወተች ነው።»

እጇ ቀስ በቀስ ላላ። ወደ ጥላዋ ተመልሳ ተደገፈችና ጣቶቼን ትመለከት ጀመር። እኔም ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ፣ ጠርዙን ፈልጌ አገኘሁት፣ የማሰሮውን ቂጥ ዘጋሁላት።